እትዬ አጸደ እና በስማችን የተላኩት ደብዳቤዎች

መሥሪያ ቤት ያለ ሥራ አስኪያጅ ዓመት ይከርማል። ያለ መብራት ሳምንት ይቆያል። ያለ አንድ ተጠራጣሪ ግን ውሎ አያድርም። ይህን የምለው አጥንቼ ሳይሆን በአራት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነው። በአራቱም ነበሩ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው፤ የሰጣችኋቸውን ወረቀት ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ፤ ጀርባው ባዶ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ምናልባት ዛሬ ጠዋት አንዳቸው ጋ ተሰልፋችሁ ነበር።

ከአራቱ ሦስቱ ተራ ጠርጣሪዎች ነበሩ። አራተኛዋ ግን ክብርት ወይዘሮ አጸደ ቶለሳ፣ ሊቀ ጠርጣሪያን ዘጉለሌ ናቸው። (ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ግዕዙ ብዙም አይገባቸውም፤ ቢገባቸውም ማን እንደፈረመበት መጠየቃቸው አይቀርም።)

እትዬ አጸደ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እኔ እዚያው ኮሌጅ አራት ዓመት የኮምፒውተር ሰው ሆኜ ሠርቻለሁ። የኮምፒውተር ሰው ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚወቀስ፣ ሲመጣ ግን ማንም የማያመሰግነው ሰው ነው። የእሳቸውን ቢሮና የእኔን የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ ጥርጣሬያቸውን በየቀኑ ከሁለት ተኩል ጀምሮ በቀጥታ ስርጭት እከታተል ነበር።

«በምን ይታወቃል?» ይላሉ። ንግግራቸው ከዚህ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚሁ ያልቃል።

አንድ ቀን ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሞተረኛ ነበር። እትዬ አጸደ ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ብዙ ካዩት በኋላ «ማህተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም» አሉት።

«እና እናቴ?»

«እና ፊርማው ሲፈረም ማህተሙ የት ነበር? በምን ይታወቃል?»

ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወሉ። መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወሉ። ሞተረኛው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። በመጨረሻ የደብዳቤው ፈራሚ ራሳቸው ስልኩን አንስተው «አዎ፣ የእኔ ነው» ሲሉ እትዬ አጸደ ተነሥተው ልጁን ጨበጡት። ይቅርታ ግን አልጠየቁትም። «እንኳን ደስ አለህ፣ እውነተኛ ነህ» ነው ያሉት።

ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሊገዙ ሄደው ባለሱቁ «የእጅ ሥራ ነው» ቢላቸው አላመኑም፤ ጥለቱን ገልብጠው፣ ክሩን በጥፍራቸው ፈትሸው፣ በመጨረሻ ሸማኔው ካልታየ አልገዛም አሉ። ከሱቁ ጀርባ ወሰዷቸው። እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ቆመው ሰውየው ሲሠራ አዩ። ዛሬ ከዚያ ሰፈር የሚያልፉ ከሆነ ሸማኔዎቹ «እትዬ አጸደ፣ ይግቡና ያጣሩ እንጂ!» እያሉ በስማቸው ይጠሯቸዋል።

ቤተ ክርስቲያናቸው እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ሁሉም ሃሌሉያ ይላል። እሳቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብለው «መሸኛ አለው?» ይላሉ። የወንድማቸው ልጅ የሰርግ ካርድ ሲደርሳቸው ከግድግዳው ካላንደር ጋር አመሳከሩት። ካርዱ «ቅዳሜ» ይላል፤ ቀኑ የሚውለው እሑድ ነው። ሦስት መቶ ካርድ ተበትኖ አንድም ሰው ልብ አላለም ነበር። ሙሽራው ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ሲደውል ከረመ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ዘመዱ ካርድ ከማሳተሙ በፊት ናሙናውን ለእትዬ አጸደ ያመጣል።

ከእኔ ጋር የተጣላነው በኢሜይል ነው።

እትዬ አጸደ ኢሜይልን እንደ ደብዳቤ አይቆጥሩትም ነበር። ወሬ ነው የሚሉት። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ለኮሌጁ የሚመጣውን እያንዳንዱን ኢሜይል አሳትመው የገቢ ማህተም ይመቱበትና መዝገባቸው ላይ ያሰፍሩታል። መዝገቡ ላይ በማስመሪያ ያሰመሩት የራሳቸው ዓምድ አለ፤ «ላኪው የተረጋገጠበት መንገድ» ይላል። ሰው ይዞት ለመጣ ደብዳቤ «በአካል» ይጽፋሉ፤ ደውለው ላጣሩት «በስልክ»። ለኢሜይል ግን ሁልጊዜ የሚጽፉት አንድ ቃል ነው፦ «አልተረጋገጠም»። ገጽ ከገጽ፣ ዓመት ከዓመት፣ አልተረጋገጠም፣ አልተረጋገጠም፣ አልተረጋገጠም። እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር እንደተሰደብኩ ይሰማኝ ነበር።

«እትዬ፣ ላኪ በሚለው ቦታ ላይ ስሙም አድራሻውም አለ እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማን ጻፈው?»

«ራሱ ነዋ።»

«ራሱ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ስሙ ስላለ...»

«አየህ? ዞረህ ዞረህ እዚያው መጣህ።»

ያናደደኝ ነገር ልክ መሆናቸው ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ኢሜይል ላይ የላኪውን አድራሻ የሚሞላው ላኪው ራሱ ነው፤ የፈለገውን ስም ቢጽፍ በራሱ የሚከለክለው ነገር የለም። ማንም ሰው፣ ከየትም አገር፣ የኮሌጃችንን አድራሻ ፊደል ሳያዛባ ጽፎ መላክ ይችላል። መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ። በኮሌጁ የኢንተርኔት ስም መዝገብ ላይ ሦስት መስመር ጽሑፍ መጨመር ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «የሚሠሩ ሥራዎች» በሚለው ገጽ ላይ ሰባተኛ ሆኖ ለሁለት ዓመት ተኝቷል። አንደኛው የዲኑ የዶክተር ዳኜ ኮምፒውተር ላይ የሚታየውን ሥዕል መቀየር ነበር። ይደርሳል ብዬ ነው።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጀዊሪያ መጣች። ጀዊሪያ ያለፈው ዓመት የነርስ ተመራቂያችን ናት፤ አባቷ አቶ አሽረፍ አዲሱ ገበያ ላይ የብርድ ልብስና የፍራሽ ሱቅ አላቸው። ስትማር ጭምት ልጅ ነበረች። ያን ቀን ግን ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። የውጤት ማስረጃዋ ኮፒ አሁኑኑ እንዲሰጣት ፈለገች።

«ለምንሽ ነው?» አሏት እትዬ አጸደ።

«ሥራ አግኝቼ ነው እትዬ! ውጭ አገር፣ ሆስፒታል! እናንተው አይደላችሁ እንዴ የመረጣችሁኝ?»

አሳትማ የያዘችውን ኢሜይል አወጣች። ከኮሌጁ ሬጅስትራር የተላከ ነው። ከተመራቂዎች መካከል ጥቂቶች ለውጭ አገር ሆስፒታል እንደተመረጡ፣ ዋናውን ፓስፖርትና ዋናውን ዲፕሎማ ይዘው በዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት አዲሱ ገበያ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ለተወካዩ እንዲያስረክቡ፣ ቦታው ውስን ስለሆነ ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ ይላል።

እትዬ አጸደ አነበቡት። ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

«ይህ ከእኛ አልወጣም። የወጪ ቁጥር የለውም።»

ጀዊሪያ ሳቋ ጠፋ። እኔ በግድግዳው በኩል ስሰማ ቆይቼ ብቅ አልኩ። አሁን የምነግራችሁን ነገር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኳትና አድራሻውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። የእኛው ነው። የተጨመረ የለ፣ የተቀነሰ የለ።

«እትዬ፣ ከሬጅስትራር በቀጥታ የተላከ ነው። ኢሜይል የወጪ ቁጥር የለውም እኮ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ።»

መቶ በመቶ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን እንኳ እሳቸውን ልረታቸው ፈልጌ ይሆናል። ጀዊሪያ ኮፒዋን ተቀብላ፣ ሁለታችንንም አመስግና፣ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

እኔ ወደ ቢሮዬ ስመለስ እትዬ አጸደ ግን ስልኩን አነሡ። ሬጅስትራሯ ኢየሩ ወልዳ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ሲያናግሯት የሕፃኑ ለቅሶ በስልኩ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ኢየሩዬ፣ ልጁ እንዴት ነው? ጡት ይይዛል? ጎሽ። ለተመራቂዎች ኢሜይል ልከሻል እንዴ?»

መልሷን ከግድግዳው ወዲህ አልሰማሁም። ትንሽ ቆይተው እትዬ አጸደ በሬ ላይ ቆሙ። አልጮሁም።

«አልላከችም። ኮምፒውተር ከነካች ሃያ ሁለት ቀኗ ነው አለችኝ።»

የሬጅስትራርን የመልእክት ሳጥን ከፈትኩ። «ሊደርስ አልቻለም» የሚሉ አሥራ አንድ መልሶች ተደርድረዋል። ከእኛ ያልወጡ ደብዳቤዎች በአድራሻ ስህተት ተመልሰው ወደ እኛ መጥተዋል። መነሻቸውን አየሁ፤ ከኮሌጃችን ማንም ረግጦት በማያውቅ አገር ያለ ሰርቨር ነው። የተመራቂዎቹን ኢሜይል ከየት አመጡት እንዳልል፣ የምረቃ መጽሔቱን ከነሙሉ አድራሻቸው ድረ ገጹ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

ጀዊሪያ ጋ ደወልን። አታነሣም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

እትዬ አጸደ መሳቢያቸውን ከፈቱና የኮሌጁን ክብ ማህተም አወጡ። ያ ማህተም ከዚያ ክፍል ወጥቶ አያውቅም፤ ዲኑ እንኳ የሚያስመቱት እዚያው ቆመው ነው። በመሐረብ ጠቅልለው ጥቁሩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ና» አሉኝ። ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ፣ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ፣ ረዳቱን «አዲሱ ገበያ በቀጥታ ነው ወይስ ዞሮ?» ብለው መጠየቃቸውን አልተዉም።

ካፌው ፎቅ ላይ ሰባት ተመራቂዎች ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ተቀምጠዋል። መሐላቸው ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጠረኑ የሚያውድ፣ ፈገግታው የማያልቅ ሰው አለ። ፊት ለፊቱ ሰማያዊ ፎልደር ተቀምጧል፤ ፎልደሩ ላይ ፓስፖርቶች ተቆልለዋል። አቶ አሽረፍ ከልጃቸው ጎን ናቸው። ሲያዩን ደስ ብሏቸው እስከ ደረጃው አፍ መጥተው ተቀበሉን።

«ይኸው ኮሌጁም መጣ!» አሉ። «እኔ እኮ ነገሩን ጠርጥሬ ነበር። ልጄ ግን ዛሬ ራሷ ሄዳ አረጋግጣ መጣች፤ መቶ በመቶ ነው አሏት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የካፌው ወለል ግን ሴራሚክ ነው።

እትዬ አጸደ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እርስዎ ማን ነዎት እናቴ?» አለ ሰውየው።

«እኔም ሥራ ፈላጊ ነኝ። ዕድሜ ይገድባል?»

ልጆቹ ሳቁ። ሰውየውም ሳቀ። «ይህ ለተመራቂዎች ብቻ ነው እናቴ።»

«ደግ። የወከለህ ማነው? ደብዳቤ አለህ?»

እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ጠብቆ ኖሯል። ከፎልደሩ ውስጥ የኮሌጃችንን ራስጌ የያዘ፣ ፊርማና ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ በኩራት ሰጣቸው። እትዬ አጸደ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከታች የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ።

«ቆንጆ ማህተም ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ።»

«በጣም ቆንጆ ነው። ችግሩም እሱ ነው።»

መሐረባቸውን ፈቱ። ማህተሙ ላይ ሁለት ጊዜ ተነፈሱበትና ጠረጴዛው ላይ የነበረ ሶፍት ላይ መቱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ለልጆቹ አሳዩ። የእኛው ማህተም ላይ «ጤና» ከሚለው ቃል ውስጥ «ጤ» አንድ እግሯ የለም።

«ከስምንት ዓመት በፊት ከእጄ ወድቆ ነው የተሰበረው» አሉ። «አዲስ ይቀረጽ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። አስመስሎ የሚሠራ ሰው አሳምሮ ይሠራዋል፤ ስብራቱን ግን አያውቀውም። ልጆች፣ ለዚህ ሰውዬ የሰጣችሁትን ሁሉ ተቀበሉ።»

ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። «ይቅርታ፣ አንዴ...» እያለ በሌላው እጁ ፎልደሩን ሊያነሣ ሞከረ። የእትዬ አጸደ መዳፍ ፎልደሩ ላይ አርፏል።

«አንተ ስልክህን አናግር። ፓስፖርት ስልክ አያናግርም።»

አቶ አሽረፍ ቀስ ብለው ተነሡ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ፍራሽ ሲሸከሙ የኖሩ። ሰውየው እያወራ ወደ ደረጃው ሄደ፤ እያወራ ወረደ። ወደ ታች ሲያልፍ አጠገቤ ስለነበርኩ የስልኩን መስታወት አየሁት። ጠፍቷል። እንደወጣ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም አልተያዘም።

ፎልደሩን ከነፓስፖርቶቹ ለማስረጃ ፖሊስ ጣቢያ አስረከብን። ቀድመው አስረክበው የሄዱ የሁለት ልጆችን ጨምሮ ዘጠኝ ፓስፖርት ነበረበት፤ ዘጠኙም ለባለቤቶቹ ተመለሱ። ቢሊሱማ የምትባል ሌላ ተመራቂ ግን ከአንድ ቀን በፊት ለሌላ ሰው አስረክባ ኖሯል። የእሷ አልተገኘም። አዲስ እስኪወጣላት ወራት ፈጅቶባታል፤ ከዲፕሎማዋም ዋናው ጠፍቷል። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ሰባተኛው ሥራ ትዝ ይለኛል።

ከጣቢያው ስንወጣ ጀዊሪያ ወደ እኔ ዞረች። «አክሊል፣ መቶ በመቶ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። በእውነት ሊገባት ፈልጋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ እትዬ አጸደ ቢሮ ገባሁ። ገጹን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ከአንድ እስከ ሰባት አነበቡት።

«የዶክተር ዳኜ ሥዕል ከዚህ ይቀድማል?»

«እሳቸው በየቀኑ ያስታውሱኛል እትዬ።»

«ይኼኛውን ደግሞ የሚያስታውስልህ ሰው አልነበረውም።» ወንበር ሳቡልኝ። «በል አስረዳኝ። ቀስ ብለህ።»

አስረዳኋቸው። የመጀመሪያው መስመር በኮሌጁ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ ለዓለም የሚነግር ዝርዝር ነው። ሁለተኛው፣ ከእኛ በሚወጣ በእያንዳንዱ ኢሜይል ላይ የሚያርፍ የማይታይ ፊርማ እውነተኛ መሆኑን ተቀባዩ እንዲያጣራ ያስችለዋል፤ መፈረሚያው ቁልፍ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። ሦስተኛው ለተቀባዮች የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፦ በስማችን መጥቶ ከሁለቱ አንዱንም ያላሟላውን ዝም ብላችሁ አሳልፉት፣ ወይም ወደ ጎን አድርጉት፣ ወይም ከበር መልሱት ይላል። በየቀኑም ማን በስማችን እንደላከ ሪፖርት ይልኩልናል።

«ሪፖርት?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን በስማችን እንደላከ?»

«አዎ።»

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

«እ... ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል።»

መዝገባቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ከዚያ «እኔ አሥር ዓመት ሙሉ አልተረጋገጠም እያልኩ ስጽፍ ዝም አልከኝ?» አሉኝ።

«እኔ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው እትዬ።»

«አራቱን ዓመት በለው።»

ያኔውኑ ሦስተኛውን መስመር «መልሱት» ብዬ ልጽፍ ተነሣሁ። በጥፋት ላይ ያለ ሰው ችኩል ነው። እትዬ አጸደ ግን «በስማችን የሚልከው ስንት ነው?» አሉኝ። አንድ ሰርቨር ብቻ ነው አልኳቸው። መዝገባቸውን ገለጡ። ላይብረሪው መጽሐፍ ያልመለሱትን የሚያስታውስበት ፕሮግራም አለ። የምዝገባ ፎርሙ ከድረ ገጹ ይልካል። የሕዝብ ግንኙነቷ የምረቃ ጥሪ የምታሰራጭበት የውጭ ድርጅት አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ስካነርም ኢሜይል ይልካል፤ እኔ ራሴ የገጠምኩት ስካነር። አራቱንም አላስታወስኩም ነበር። እንዳሰብኩት ብቸኩል ኖሮ የራሳችንን ደብዳቤዎች ግማሽ ባገድኩ ነበር።

«መጀመሪያ ምንም ሳትነካ እይ» አሉኝ። «ወሬውን ሰብስብ።»

ሰበሰብን። ሪፖርቶቹ እንዳሉ ሲታዩ ሰው የሚያነባቸው አይደሉም፤ በሠንጠረዥ አድርጌ አሳተምኩላቸው። እትዬ አጸደ በማስመሪያ መስመር በመስመር ያነቡታል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከማናውቃቸው ቦታዎች በስማችን የተላኩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ኢሜይሎች ተገኙ። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ዓለም ልክ እሳቸው እንደጠረጠሯት ክፉ መሆኗ በሠንጠረዥ ተረጋገጠ። ወረቀቱን ይዘው ከዘበኛው እስከ ጽዳት ሠራተኞች፣ ከላይብረሪው እስከ ክበቡ አዳረሱት። «አላልኩም?»

አራቱን ቦታዎች አስተካክለን ትእዛዙን «ወደ ጎን አድርጉት» ወደሚለው ባሳደግን በሦስተኛው ቀን ዶክተር ዳኜ በሩን በርግደው ገቡ። ለማንም ሳይነግሩ የኮሌጁን አድራሻ ስልካቸው ላይ በሌላ መተግበሪያ ይልኩበት ኖሯል። የውጭ ፈታኞችን የጠሩበት ኢሜይል ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል።

«የእኔን ደብዳቤ ማነው ቆሻሻ ውስጥ የጣለው?»

እትዬ አጸደ ቀና አሉ። «ዶክተር፣ ላኪው እርስዎ መሆንዎ አልታወቀም።»

«እኔ ነኝ እያልኩ!»

«አሁን በአካል ስለመጡ አምነናል።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ፕሪንተሩን በጣም በጥንቃቄ መመልከት ጀመርኩ። ስልካቸውን ባስተካከልኩላቸው ጊዜ አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ቁጣቸው ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ሰኔ ላይ «መልሱት» የሚለውን ጻፍን። ጻፍን ያልኩት ኪቦርዱ ላይ እጄን ያሳረፍኩት እኔ ብሆንም እሳቸው ከትከሻዬ በላይ ቆመው ስለነበር ነው። መስመሩን ፊደል በፊደል አስነበቡኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ስክሪኑ ጠቁመው «ቀድሞ እዚህ ጋ ነጥብና ጭረት ነበረች። አሁን የለችም» አሉኝ። አየሁ። የለችም። ሳስተካክል ሰርዣት ነው። እንግሊዝኛውን አያነቡትም እኮ!

«አሁን ማንም በስማችን አይልክም ማለት ነው?» አሉኝ ሲያልቅ።

«በትክክለኛው ስማችን የሚልከውን፣ የሚያጣሩ ተቀባዮች ይመልሱታል። አንድ ፊደል ለውጦ የሚመስል ስም ቢያወጣ ግን ይህ አያቆመውም።»

«አውቄዋለሁ» አሉ፤ ፈጽሞ አልተከፉም። እንዲያውም ሥራ ስላልጨረሱ ደስ ያላቸው መሰለኝ። በሳምንቱ በኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለዚሁ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ተለጠፈ። አብረውን ለሚሠሩ አሥራ ሰባት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ «ኢሜይላችሁን የሚያረጋግጡ መስመሮች አስገቡ» የሚል ደብዳቤ ተላከ። በወረቀት፣ በፊርማ፣ እግሯ በተሰበረችው ማህተም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ሪፖርቱ ላይ ሁለት መቶ ስልሳ ኢሜይሎች ታዩ። ሁሉም ከአንድ ቦታ፣ ሁሉም በሬጅስትራር ስም፤ አዲስ የተመረቁት ልጆች በወጡ በሳምንታቸው። ሁሉም ከበር ተመልሰዋል። እትዬ አጸደ በማስመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ።

«አንድም አልገባም?»

«አንድም።»

እንደ መጋቢቱ አልፎከሩም፤ ወረቀቱንም ይዘው አልዞሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። ከዚያ ጀዊሪያ ጋ ደወሉ። አሁን እዚያው ጉለሌ ያለ ክሊኒክ ትሠራለች። «ምንም አይደል ልጄ፣ ድምፅሽን ልሰማ ብዬ ነው» አሏት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እኔ ሌላ ሥራ አገኘሁ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ቋሚ ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ ጠየቀኝ። አጎቴን ለመንኩ፤ እሺ ብሎ ጠፋ። አንድ ጓደኛዬ ሚስቴን ላማክር አለኝ፤ እስካሁን እያማከረ ነው። እትዬ አጸደን መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣም። ለማንም ዋስ ሆነው አያውቁም፤ ለገዛ ወንድማቸው ለአቶ ደበላ እንኳ እምቢ ብለው ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። «ዋስ አጣህ አሉ። ፎርሙን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። አራት ገጽ ነው፤ ጥቃቅን ጽሑፍ። መጨረሻውን ገጽ ገልጠው ፈረሙና መለሱልኝ።

«እትዬ፣ አላነበቡትም እኮ!»

«ወረቀቱን ምን ያደርግልኛል? አንተን አራት ዓመት አንብቤሃለሁ» አሉና ወጡ።

ያ ፊርማ በሕይወቴ ካገኘኋቸው ወረቀቶች ሁሉ፣ ዲግሪዬንም ጨምሮ፣ ይበልጥብኛል።

አዲሱ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ስልኬ ጠራ። እትዬ አጸደ ናቸው። ድምፃቸው ውስጥ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ደስታ አለ።

«አክሊል» አሉኝ፣ «ደህና መሥሪያ ቤት ነው የገባኸው። ደውለው አጣሩኝ።»